ለሁሉ የራራች እናት፥ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ

በየዓመቱ ነሐሴ 24 ቀን በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ክረምቱ ገና አይወጣም። ጉሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ወርዶ ይተኛል፤ የገብሱ ማሳ ረግረግ ይሆናል፤ ወንዙም ሞልቶ ዘመድን ከዘመድ ይለያል። ያም ሆኖ ምእመናን ባናቸውን ተከናንበው በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ደጀ ሰላም ይመጣሉ፤ ዕለቱ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ዕረፍት ነውና። በዚሁም ቀን የዕረፍቷ መታሰቢያ የሚደረግላት አንዲት እናት አለች፤ እርሷም ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። የጻድቁ በዓል እጅግ የከበረ ስለ ሆነ የእርሷ መታሰቢያ ባጭሩ ተጠርቶ ያልፋል፤ ብዙ ሰውም ስሟን እንጂ ሥራዋን በሚገባ አያውቅም። ስለዚህ ገድሏን እየተከተልን ሕይወቷን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን።

ለዚህም ያነሣሣን አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። በልጅነታችን በመንዝ በአንድ ቤት የወሩ 24 ማኅበር ተሰብስቦ ሳለ አንዲት ባልቴት ለማኅበሩ ካህን ጥያቄ አቀረቡ። ክርስቶስ ሠምራ ስለ ሰይጣን ለመነች ሲባል ሰምተው ኖሮ፥ ይህ ነገር ከሃይማኖታችን ጋር እንዴት ይስማማል ብለው ጠየቁ። ካህኑ ቶሎ አልመለሱም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ ገድሏን ብዙ ዓመት እንዳነበቡት፥ ከዚያ ቦታ ሲደርሱም ሁልጊዜ ድምፃቸው እንደሚለወጥ ብቻ ተናገሩ። እኛ በዚያን ጊዜ ከእናቶቻችን ጀርባ ተቀምጠን የዳቦውን መቈረስ ስንጠባበቅ የነበርን ልጆች ስለ ሆንን የሰማነውን አላስተዋልንም። ኋላ ግን ነገሩ ከልባችን አልወጣም።

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የተወለደችው ከመንዝ ደጋ በስተ ደቡብ በሚገኘው በቡልጋ ነው። አባቷ ደርሳኒ እናቷም ዕሌኒ ይባላሉ። የኖረችበትን ዘመን መምህራን በ15ኛው መቶ ዓመት ያደርጉታል። ስሟን ስንተረጕመው ክርስቶስ ደስ የተሰኘባት፥ የወደዳት ማለት ይሆናል። ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜ ሠምረ ጊዮርጊስ ለሚባል ሰው ተዳረች፤ ልጆችንም ወለደች። ቤቷ የሞላ፥ አገልጋዮቿ የበዙ፥ በአገሩም ዘንድ የተከበረች ወይዘሮ ነበረች። ገድሏ እንደሚያስረዳን ከሕፃንነቷ ጀምራ መጻሕፍትን በመማርና በበጎ ሥርዓት ያደገች ስለ ነበረች፥ እስከዚህ ድረስ ሕይወቷ የአንዲት ደግ የሸዋ እመቤት ሕይወት ይመስላል።

ከአገልጋዮቿ አንዲቱ ግን በጠባይዋ ታስመርራት ነበር። አንድ ቀን የእመቤቲቱ ቁጣ ከልክ አልፎ፥ እሳት አንሥታ በአገልጋይቱ አፍ ውስጥ ጨመረችባት፤ አገልጋይቱም ሞተች።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቦታ ፈጥነን እንዳናልፈው። ብዙ የቅዱሳን ገድላት ስንከፍት የምናገኘው ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ የተመረጡትን፥ በሕፃንነታቸው ተአምር ያደረጉትን ነው። በዚህኛው ገድል ግን ቅድስቲቱ በገዛ እጇ ሰው ገድላ እናገኛታለን። ከዚህም የሚበልጠው ነገር፥ ከገድሉ ብዙው ክፍል የተጻፈው ራሷ ስትናገረው መሆኑ ነው። ጸሐፊው ሊሸፍንላት ቢፈልግ ይችል ነበር፤ እርሷም ዝም ብትል የሚያስታውስባት አይኖርም ነበር። ኃጢአቷን በመጽሐፍ አስጽፋ፥ ከእርሷ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲሰማው ተወችው። እንዲህ ያለ ንስሐ እኛ በየጓዳችን ለንስሐ አባታችን በዝግታ ከምንናገረው ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት አያዳግትም።

በዚያ ዘመን አገልጋይ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ባሪያ ማለት ነበረ። የባርነት ሥርዓት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. እንደ ሆነ እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት፥ ዳዊት በሚደገምበት፥ ዐቢይ ጾም በሚጾምበት፥ ጽዋ በሚጠጣበት ቤት ውስጥ ወፍጮ ስትፈጭ የምታድር፥ እንስራ አዝላ ቁልቁለት የምትወርድ፥ ስሟን እንኳ ጌታዋ ያወጣላት ሴት ነበረች። የቤቱ ሰዎች ስለ ምሥጢረ ሥላሴና ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ቢጠየቁ ምናልባት አንዲት ቃል አይስቱም ነበር። ወደ ጓዳው ዘልቆ ከምድጃው አጠገብ ስላለችው ነፍስ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም። የክርስቶስ ሠምራ ገድል ከዚያ ከምድጃው አጠገብ መጀመሩን እኛ እንደ ታላቅ ነገር እናየዋለን።

አገልጋይቱ በሞተች ጊዜ ክርስቶስ ሠምራ እጅግ ደነገጠች፤ ወደ እግዚአብሔርም አለቀሰች። ያቺ ሴት ከሞት ብትነሣ ይህን ዓለም ትታ እንደምትመንን ተሳለች። እግዚአብሔርም ልመናዋን ሰምቶ አገልጋይቱን አስነሣላት። ተአምሩን የሚያደንቅ ያድንቀው፤ እኛን የሚያስገርመን ከተአምሩ በኋላ የሆነው ነው። ሙታ የነበረችው ሴት በሕይወት ከተገኘች በኋላ እመቤቲቱ እፎይ ብላ ወደ ቀድሞ ኑሮዋ ልትመለስ በቻለች ነበር። ብዙዎቻችን ስንጨነቅ የተሳልነውን ጭንቁ ሲያልፍ ባንድ ሻማና ባንድ ጥላ እንከፍለዋለን። እርሷ ግን ስእለቷን ሙሉውን ከፈለች፤ ባሏን፥ ልጆቿንና ሀብቷን ትታ ወጣች።

ስለ ልጆቿ አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ እውነተኞች አንሆንም። ይህን ገድል የሚሰሙ እናቶች ከዚህ ቦታ ሲደርሱ ፊታቸው እንደሚጨልም ብዙ ጊዜ አይተናል። ልጅን ትቶ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገድሉም ቀላል አድርጎ አያቀርበውም። ምናኔ የሁሉ መንገድ እንዳልሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታውቃለች፤ ጋብቻንም ከምሥጢራቷ አንዱ አድርጋ ታከብራለች። እኛ ከዚህ የምንረዳው የአንድ ቤት እናት የነበረችው ሴት፥ ኋላ እንደምናየው፥ የአዳምን ልጆች ሁሉ እንደ ልጆቿ አድርጋ ለማልቀስ መብቃቷን ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነበረ፤ ከፋዩም እርሷ ብቻ አልነበረችም።

ከቤቷ ወጥታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፤ በዚያም የምንኵስናን ልብስ ለበሰች። ደብረ ሊባኖስ ከመርሐ ቤቴ የሚለየው በጀማ ወንዝ ሸለቆ ነው፤ የመርሐ ቤቴና የመንዝ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ገደሉን እየወረዱና እየወጡ ይሳለሙታል። እርሷ ግን በዚያ አልቀረችም። ዘመድ ወዳለበት አገር ቅርብ መሆን ለመናኝ አይመችምና ዓባይን ማዶ አድርጋ ወደ ጣና ባሕር ሄደች፤ በባሕሩም ዳር ጓንጉት በሚባለው ስፍራ ተቀመጠች። ሴቶች መነኮሳይያትም በእርሷ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

በጣና ስላደረገችው ተጋድሎ ሕዝቡ ብዙ ይናገራል። 12 ዓመት በባሕሩ ውስጥ ቆማ እንደ ጸለየች፥ ሥጋዋም ከመቍሰሉ የተነሣ ዓሣዎች በቍስሏ ውስጥ ይመላለሱ እንደ ነበር በገድሏ ተጽፏል። ሠዓሊዎች የሚወዱትም ይህን ነው። እኛ ግን በዚህ ብዙ አንቆይም፤ በሥጋ መታገሥ ታላቅ ቢሆንም፥ በዚያ ውኃ ውስጥ ቆማ የለመነችው ልመና ከታጋሽነቷ ይበልጣልና።

ልመናዋም ይህ ነበረ፤ እግዚአብሔር ከዲያብሎስ ጋር እንዲታረቅ ለመነች። ዲያብሎስን ወዳው አይደለም። እርሱ ቢታረቅ የአዳምን ልጆች ማሳቱ ይቀራል፥ ወደ ሲኦልም የሚወርድ ነፍስ አይኖርም ብላ አስባ ነው። የሚጠፉት ሰዎች ሥጋቸው ሥጋዋ ስለ ሆነ የእነርሱን መጥፋት እንደ ሌላ ሰው ነገር አድርጋ ማየት አልቻለችም። ጌታችንም ልመናዋን አልገሠጸም። ቅዱስ ሚካኤልን ጨምሮ ወደ ሲኦል ደጃፍ ላካት። እርሷም ዲያብሎስን ጠርታ ለዕርቅ እንደ መጣች ነገረችው። እርሱ ግን በቁጣ ተሞልቶ እጇን ያዘና ወደ ጥልቁ ጐተታት። ቅዱስ ሚካኤል ፈጥኖ በሰይፉ ተቈጣጥሮ አዳናት። ከዚያም በወጣች ጊዜ ብዙ ነፍሳት ከእርሷ ጋር ተያይዘው ወጡ።

ይህን ታሪክ የአገራችንን የሽምግልና ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ቢያነበው ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። በመንዝም ሆነ በመርሐ ቤቴ ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ ሽማግሌው አስቀድሞ ወደ ተበደለው ቤት ይሄዳል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ ላይ ይወድቃል፤ ተበዳዩ ልቡ ከራራ በኋላ ወደ በዳዩ ይሄዳል። ክርስቶስ ሠምራም ያደረገችው እንዲሁ ነው። አስቀድማ በተበደለው ጌታ ፊት ወደቀች፤ ከእርሱም እሺታን ባገኘች ጊዜ ወደ በዳዩ ሄደች። ዕርቁ የፈረሰው በተበዳዩ እንቢታ አልነበረም። በዳዩ አልታረቅም አለ፤ ከዚያም አልፎ አስታራቂዋን መታ። ሽማግሌ ሆኖ የሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ በዳይ ሳይገጥመው አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ባልቴቲቱ ጥያቄ እንመለስ። የወደቁ መላእክት ንስሐ እንደማይገቡ መጻሕፍት ያስተምራሉ፤ ይህንንም እናምናለን። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው መምህር ኦሪጎን የሳቱት ፍጥረታት ሁሉ በመጨረሻ ይመለሳሉ የሚል አሳብ አሳድሮ ነበር ስለ ተባለ፥ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ትምህርቱን አውግዞታል። ታዲያ ክርስቶስ ሠምራ ከኦሪጎን በምን ትለያለች ቢባል፥ መልሱ ከገድሏ ይገኛል። እርሷ ትምህርት አላቆመችም፥ ደቀ መዛሙርትም ሰብስባ ሰይጣን ይድናል አላለችም። ለመነች እንጂ። ትምህርት ሰውን የሚያስር ነገር ነው፤ ልመና ግን የሚያስረው ለማኙን ብቻ ነው። ልመናዋ እንደማይፈጸም የሃይማኖት መጻሕፍት ሊነግሯት ይችሉ ነበር፤ ምናልባትም ታውቀው ነበር። ፍቅሯ ግን የመጻሕፍቱን መልስ ሳይጠብቅ ቀደመ። ገድሏን የጻፉት አባቶችም ልመናዋንም የዲያብሎስን እንቢታም ጐን ለጐን አስቀምጠው ለቤተ ክርስቲያን አስረከቡ፤ አንዱን ለመደበቅ ሲሉ ሌላውን አላጠፉም። እኛም ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ አናውቅም።

ብቻዋንም አይደለችም። ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የማር ይስሐቅ መጽሐፍ ነው፤ በየገዳማቱ በግእዝ ይነበባል፥ በአንድምታም ይተረጐማል። ማር ይስሐቅ ዛሬ ቀጠር በምንለው አገር አካባቢ ተወልዶ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሹመቱን ትቶ ወደ ምድረ በዳ ሄደ። ይህ አባት ምሕረትን የተሞላች ልብ ለሰው፥ ለአራዊት፥ ለአዕዋፍ፥ ለአጋንንትም ሳይቀር እንደምትቃጠልና እንደምታለቅስ ጽፏል። የነነዌው መነኵሴ በቃል ያስተማረውን የቡልጋዋ እናት በጣና ውኃ ውስጥ ቆማ ፈጸመችው ማለት እንችላለን።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብን፤ መምህራን ያውቁታል፥ ምእመናን ግን ብዙዎች አልሰሙትም። ማር ይስሐቅ ኤጲስ ቆጶስ የነበረባት የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን በምሥጢረ ሥጋዌ ከእኛ ጋር የተለየች ናት፤ አባቶቻችን የንስጥሮስ ወገን ብለው የሚጠሯት ናት። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ የጻፈው መጽሐፍ ከሶርያ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ፥ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ ተመልሶ፥ የተዋሕዶ ሃይማኖትን እስከ ደም ድረስ የጠበቁ መነኮሳት መመሪያቸው አደረጉት። ስለ ፍቅር የሚናገረውን ሲያነቡ ከየት ወገን ነህ ብለው አልከለከሉትም። የሃይማኖታቸውን ድንበር አልለቀቁም፤ የፍቅር ትምህርት ግን ድንበሩን ተሻግሮ ሲመጣ በሩን ከፈቱለት።

ይህን ሁሉ በተለይ ለመንዝና ለመርሐ ቤቴ ወገኖቻችን የምንጽፍበት ምክንያት አለን። የእነዚህ አገሮች ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ ቅብዐቱ በተነሣው ክርክር ብዙ ዘመን ተፋጅተዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዛበት ዘመን፥ ማለት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ፥ ሦስት ልደት በሚሉትና ካራ በሚባሉት መካከል የነበረው ጠብ ከአንኮበር እስከ መንዝ ገዳማት ነድዶ ነበር። ወንድም ወንድሙን አወገዘ፤ አንዱ ሲሾም ሌላው ተሻረ። ያ ሁሉ ክርክር የተካሄደው በቡልጋ የተወለደች እናት መታሰቢያ በየዓመቱ በሚደረግበት አገር ነው። ሁለቱም ወገኖች በነሐሴ 24 ቀን ተነሥተው ያዜሙ ነበር።

በመጨረሻም በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተረታ፥ ተዋሕዶም ጸና። የፍርዱን እውነተኛነት እንቀበላለን፤ የምናምነው ሃይማኖት ነውና። ነገር ግን አንለወጥም ካሉት ሊቃውንት አንዳንዶቹ ምላሳቸው ተቈረጠ። በዚያው ጊዜም የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ብዙዎች በፍርሃት ተጠመቁ፥ ሌሎችም አገራቸውን ትተው ተሰደዱ። ግሼ ከወሎ ጋር የሚዋሰን አገር ስለ ሆነ ያ ወሬ ለግሼ ሰው የሩቅ ወሬ አልነበረም፤ በገበያ የሚያውቀው የጎረቤቱ ወሬ ነበር።

እኛ ይህን ስናስብ የክርስቶስ ሠምራ አገልጋይ ትዝ ትለናለች። በንዴት እሳት የተጨመረውም በአፍ ነው፤ ስለ ሃይማኖት ተብሎ ስለት የወረደውም በአፍ ላይ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ክርስቶስ ሠምራ ያደረገችውን አይታ አለቀሰች፥ ቀሪ ዘመኗንም ለዚያ ዕንባ ሰጠች። በቦሩ ሜዳ ስለ ተቈረጡት ምላሶች ግን ማን እንዳለቀሰ አልተጻፈልንም። የእኛ ትምህርት ትክክል ነበረ ማለት ብቻውን ይበቃናልን? ስለ ዲያብሎስ እንኳ ለለመነች እናት በዓል የሚያከብር ሕዝብ፥ በልደት ቍጥር ከእርሱ የተለየውን መነኵሴ፥ በሃይማኖትም የተለየውን እስላም ጎረቤቱን ከዲያብሎስ አብልጦ ሊጠላ አይገባውም ነበር። ዛሬም ቢሆን በመጽሐፍ ላይ ቆመን የምንከራከር ሰዎች፥ ክርክሩን ከጨረስን በኋላ ወደ ጓዳችን ስንገባ ማን እንደሚጠብቀን ብናስብ መልካም ነው።

ስለ ገድሏ መጽሐፍም ጥቂት እንበል። በግእዝ ተጽፎ በየአድባራቱ ሲነበብ ኖሮ፥ በ1956 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለ የኢጣሊያ ሊቅ ግእዙን ከኢጣሊያንኛ ትርጕም ጋር አሳተመው። ቼሩሊ በመጻሕፍታችን ዕውቀት እጅግ የጠለቀ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን በወረራው ዘመን በአገራችን ላይ ከተሾሙት የኢጣሊያ ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ነበረ። በዚያ ዘመን፥ በ1929 ዓ.ም.፥ ክርስቶስ ሠምራ የመነኰሰችበት ደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱ በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሽነዋል። አገሪቱን ሊገዛ ከመጣው መንግሥት ሹማምንት አንዱ፥ ነገሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ፥ ስለ ጠላቷ የለመነችን የሸዋ ሴት ታሪክ ለዓለም ሊቃውንት አቀረበ። ይህን እንዴት እንደምንቈጥረው አናውቅም፤ እርሷ ብትኖር ግን መጽሐፉን አትነጥቀውም ነበር ብለን እንገምታለን።

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ነሐሴ 24 ቀን ዐረፈች፤ በጓንጉትም ተቀበረች። ስሟም በጣና ዳር ብቻ ሳይወሰን በትውልድ አገሯ በሸዋ፥ በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ታቦቷ የተተከለባቸው ቦታዎች አሉ።

ስለ ሰይጣን ልመና የጠየቁት ባልቴት ያን ቀን የካህኑን መልስ ሰምተው ዝም አሉ። ጽዋው ዞሮ ሳያልቅ፥ መምሸቱን ምክንያት አድርገው ተነሥተው ወጡ። እኒህ ባልቴት ከልጅነቷ ጀምረው ያሳደጓትን አንዲት አገልጋይ በጠፋ የብር መስቀል ሰበብ ከቤታቸው ካባረሯት ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ እኛ ልጆቹ እንኳ እናውቅ ነበር። መስቀሉ ኋላ ከሣጥናቸው ሥር ተገኝቷል፤ ባልቴቲቱ ግን ልጅቱን አላስጠሯትም ነበር። የሚቀጥለው ወር 24 ተረኛዋ እርሳቸው ስለ ነበሩ ማኅበሩ በቤታቸው ተደረገ። ጠላውን የቀዳችልን ያቺ ልጅ ነበረች፤ ዳቦው ተባርኮ በተቈረሰ ጊዜም ባልቴቲቱ የመጀመሪያውን ቍራሽ ከካህኑ እጅ ተቀብለው ለእርሷ ሰጧት።